በሽፈራው ላይ የታደሰው ማዕቀብ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 1978
በከፍተኛ ሐዘን ይገለጻል፦ የዳቦ መጥበሻዬ የግራ ጎን ዛሬ ጠዋት አርፏል። ቀኙ ሥራውን ቀጥሏል። መንግሥትም እንዲሁ ነው... ግማሹ ሲሞት ግማሹ ያቃጥላል።

እሑድ፣ ኅዳር 8
የዕድር ስብሰባ፣ አትላንታ ዳር ማሪዬታ፣ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ገሠሠ ቤት። በሽፈራው ላይ የጣልነው ማዕቀብ ለሦስተኛ ዓመት ታደሰ። የደርግ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር፤ ኋላ እሱም ኮበለለና እዚሁ አትላንታ ተገጣጠምን። ማንም ደጁን እንዳይረግጥ፣ ማንም ለቅሶ እንዳይደርሰው። ያረቀቅሁት እኔ ጸሐፊው ነኝ... ቃሉ አምሮበታል።
ጋሽ ገሠሠ፦ "ጥላዬ፣ አንተማ ሚኒስትር መሆን ነበረብህ!"
ወንድሜን ኃይለመስቀልን ያስወሰደው ሽፈራው ነው። አልተመለሰም። ለዚያ ሰው የሚወጣ እንባ የለኝም። ይመዝገብ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
የሽፈራው እናት አዲስ አበባ አርፈዋል። ዘመዶቻቸው እንደ ወጉ ለልጃቸው አልደወሉም፤ "ሰው ሰብስባችሁ አርዱልን" ብለው ለገንዘብ ያዣችን ለወይንሸት ደወሉ። እስከ ምሳ አትላንታ በሙሉ ሰማ... ከሱ በቀር። ማን ያርዳው? ጋሽ ገሠሠን ጠየቅሁ።
"የራስህን ሕግ አንብብ!"

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ከሥራ ስወጣ ሽፈራው ከሚሠራበት ፓርኪንግ ሆኖ ጠራኝ። ሁልጊዜ ይጠራኛል፣ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ቆምኩ።
"ለእማዬ የስኳር መድኃኒት የሚይዝልኝ፣ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ታውቃለህ?"
"አጠያይቃለሁ።"
ሦስት ዓመት ዘግቼው የመጀመሪያ ቃሌ ውሸት! ምን ነካኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ኃይለመስቀልን በሕልሜ አየሁት። በር ላይ ቆሟል። ግባ ብለው እምቢ አለ...

እሑድ፣ ኅዳር 15
ማለዳ ቻምብሊ፣ ሽፈራው ቤት። መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም፤ ወይንሸትን ትናንት አብረን እንሂድ ብላት "ለሱ? ኧረ ወዲያ!" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።
በሩን ከፈተ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገ።
"ብቻህን ነህ?"
"ብቻዬን።"
"...እማዬ ናት?"
አንገቴን ደፋሁ። አፉን በሁለት እጁ አፈነ። ድምፅ የለም... ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። በሰባ ዓመተ ምሕረት እናቴ ለኃይለመስቀል ስትጮኽ፣ ደጃችን ቆሞ "ድምፅ እንዳይሰማ!" ያላት እሱ ነበር። እሷም እንዲሁ ነጠላዋን ነክሳ ቀረች።
"ጩኽ" አልኩት። "ጩኽ እንጂ! እዚህ ማን ይከለክልሃል?"
ጮኸ።

እርማት፦ በኅዳር 8 "እንባ የለኝም" ተብሎ የተመዘገበው ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ለማን እንደፈሰሰ በመጣራት ላይ ነው።