ያልተጠየቅኩትን እምቢ ለማለት

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017

ወተቱ ዛሬም መጣ። ሮብሌ ቢጫዋን ጄሪካን በሩ ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት ጊዜ አንኳኩቶ፣ ሳይገባ ሄደ። የግመል ወተት ነው፣ ገና ትኩስ። ባሌ ዩሱፍ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን አላስታጎለም። ልጆቹ ይጠጣሉ። ለእኔ ግን ከጉሮሮዬ አይወርድም።

ሮብሌ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። እኔ ሠላሳ ስምንት ሞልቶኛል፤ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው። ሰሞኑን ጂጂጋ ውስጥ ስለ እኔ የማያወራ ዘመድ የለም፤ ወሬያቸው ውስጥ ግን ራሴን አላገኘሁም።

ዒዳ ላይ ነኝ። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ኩል አትኳልም፣ ለጋብቻም አትጠየቅም። ሸኹ ለሥራ በቀን መውጣት እንደሚቻል ነግረውኝ ነበር። ልጆቹ አዬዮ፣ አያቴ፣ የሚሏቸው አማቴ ግን "ሰው ምን ይላል!" አሉ። ርዕሰ መምህሩም ፈቃድ ሰጠኝ። ቁጭ አልኩ። ግቢው፣ የውሃ ታንከሩ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ፣ ሰማይ። ሌላ የማየው የለኝም።

ዛሬ የዩሱፍ አጎት ሐጂ ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። እነሱ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ሐጂ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ከብት አወሩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሰዓዳ፣ ይህ ቤት ወንድ አያጣም፤ አታስቢ" አሉኝ።

እንዴት አላስብ!

ዱማል ይሉታል። ሰው ሲሞት ሚስቱን ወንድሙ ያገባታል፣ ልጆቹ ከአባታቸው ቤት እንዳይወጡ። ክፉ ሐሳብ ነው አልልም። ግን በዒዳ ጊዜ ጋብቻን በግልጽ ማንሳት ሐራም ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም። ሁሉም ዙሪያውን ይሽከረከራል። አንዱ "ሮብሌ እኮ ጎልማሳ ሆነ" ይላል፤ ሌላዋ "ልጆቹ ሲወዱት!" ትላለች። ማንም ስላልጠየቀኝ እምቢ ማለት አልችልም። ያልተጠየቅኩትን እንዴት ነው እምቢ የምለው? ብልስ? ቤቱ የተሠራው በባሌ ቤተሰብ መሬት ላይ ነው። ልጆቹም የእነሱ ናቸው። "አንቺ መሄድ ትችያለሽ፤ ልጆቹ ግን ይቀራሉ" ቢሉኝስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ልጄ ሐምዲ ፀጉሯን አላስነካም አለች።

አባቷ ነበር የሚሠራላት። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ በማለዳ እወጣ ነበር። ዩሱፍ የውሃ ጉድጓድ ሞተር ጠጋኝ ስለነበር መስክ ካልወጣ በስተቀር አይቸኩልም። ሹሩባ መሥራትን ከጎረቤት ሴት ቁጭ ብሎ ተማረ። ሰውየው እኮ ጣቶቹ የመፍቻ ያህል ነበሩ! ናፍጣ የሚሸት እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ ልጅቷን ጉልበቱ መሀል አስቀምጦ፣ ምላሱን አውጥቶ ይጎነጉናል። የመሀሉ መስመር አንድ ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም።

"ሒጃብ ለምትለብስ ልጅ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ማን ያየዋል?" እለዋለሁ።

"እኔ አየሁት አይደል" ይለኛል።

ዛሬ ማበጠሪያውን ይዤ ስጠጋ "አንቺ ቀጥ አድርገሽ ትሠሪዋለሽ!" ብላ አለቀሰች። ቀጥ ያለውን አልፈልግም አለች። ሳይበጠር በሒጃብ ሸፍና ትምህርት ቤት ሄደች። አሥር ዓመቷ ነው። እኔ ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ሳቅና ንዴት አንድ ላይ መጡብኝ።

እኔም ዩሱፍን ያገኘሁት በሞተር ሰበብ ነው። ከኮምቦልቻ ተመድቤ በመጣሁበት ዓመት የትምህርት ቤቱ የውሃ ሞተር ተበላሸ። መጥቶ ሠራው። በሳምንቱ "ልየው ብዬ ነው" ብሎ መጣ። በሌላው ሳምንትም መጣ። ርዕሰ መምህሩ "ይሄ ሞተር ምን ነካው?" ሲል እኔ ነኝ ያፈርኩት። ሞተሩ ደህና ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ሮብሌ የታንከሩን ቧንቧ ሊያጠብቅ ግቢ ገባ። ዘከርያ ሮጦ ትከሻው ላይ ወጣ። አምስት ዓመቱ ነው፣ ሰው ትከሻ ላይ መውጣት ይወዳል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስሰማ ልጄ "አቦ፣ ከፍ አድርገኝ!" አለው። አቦ ማለት በሶማሊኛ አባቴ ማለት ነው። ሮብሌ አላረመውም። ዝም ብሎ ከፍ አደረገው።

"አባቱ ሞቷል! አጎትህ ነኝ በለው!" ብዬ ጮህኩ። ልጁ ደንግጦ ወረደ። ሮብሌ መፍቻውን ታንከሩ ሥር ጥሎ ወጣ። ጄሪካኑንም ከነወተቱ ጎረቤት ላክሁ፣ ለሱ ይመልሱለት ብዬ። አዬዮ ሰምተው ከክፍላቸው አልወጡም።

አሁን ጸጽቶኛል። ደግሞም አልጸጸተኝም። ድሮ ሮብሌ "አባዮ" ነበር የሚለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ይህን ቃል ከአፉ አልሰማሁም። ስሜንም አይጠራም። በሩ ላይ አንኳኩቶ ይሄዳል። ሰው ቃል የሚቀይረው ሐሳብ ሲቀይር አይደል?

ይህ ልጅ እኮ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እኛ ጋ ነው ያደገው። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ፣ ከሌላ ክልል የመጡ ጎረቤቶቻችን እኛ ቤት ተሸሸጉ። አንዷ አራስ ነበረች። ዩሱፍ የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ የግቢው በር ላይ ተቀመጠ። ሮብሌ አጠገቡ ድንጋይ ላይ። ሰዎች መጥተው "ቤትህ ውስጥ እነማን አሉ?" አሉት።

"ቤተሰቤ" አለ።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።" ከዚያ ሻይ ትጠጣላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

በመስኮት አየው ነበር። ደፋር አልነበረም፤ በረሮ የሚያስጮኸው ሰው ነው። ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ሰዎቹ ሄዱ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬ ወተት አልመጣም። የፈለግሁት ይህንን አልነበር? ታዲያ ለምን በሩን ሳዳምጥ አረፈድኩ?

ሐሙስ ዩሱፍ ከመስክ የሚመለስበት ቀን ነበር። ከአውበሬ ከመጣ ብስኩት፣ ከቱሊ ጉሌድ ከመጣ ሐብሐብ ይዞ ነው። ከአፍደም ሲመጣ ግን ከአቧራና ከሙቀት በቀር ምንም አያመጣም፤ "ባቡር አሳያችኋለሁ" ብሎ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ለልጆቹ ያሳያል። መጨረሻውም አፍደም ሆነ። ደረቴን አመመኝ ብሎ ደወለ። ድምፁ ደህና ነበር። ወደ ሐኪም ሲወስዱት፣ ድሬዳዋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፈ።

መልአክ አልነበረም። ለቅሶ የመጣ ሁሉ መልአክ ሲያደርገው ያናድደኝ ነበር። ያንኮራፋል። በኪሱ የሞላውን ብሎን አልጋ ላይ ያራግፋል። ለዘመድ እምቢ ማለት አያውቅም፤ ቤታችን ከእንግዳ ጸድቶ አያውቅም። "አንድ ቀን እንኳ እምቢ በል" ስለው "አንቺ በይልኝ" እያለ ይስቃል። እኔም አልልም፣ እሱም አይልም፣ እንግዳው ይከርማል።

ከሰዓት ወንድሜ ከኮምቦልቻ ደወለ። "ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ሰው አገር ምን ትሠሪያለሽ?"

"አሥራ ሦስት ዓመት የኖርኩበት የሰው አገር ነው?" አልኩት።

"ከሱ ወንድም ጋር ልትጋቢ ነው እንዴ?"

ስልኩን ዘጋሁበት። እሱ ክፍል አዘጋጅቶልኛል። ሐጂ ባል አዘጋጅተውልኛል። ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ግን የለም። ልጆቼ አገራቸው እዚህ ነው፤ ሐምዲ ስትቆጣ እንኳ በሶማሊኛ ነው የምትቆጣው። እኔም መሄድ አልፈልግም። መቅረት የምፈልገው ግን የዩሱፍ ሚስት ሆኜ ነው፣ የልጆቼ እናት ሆኜ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ መልእክት ላኩ። እሁድ ይመጣሉ፤ "ስለ ልጆቹ ለመነጋገር"። ሮብሌም አብሮ ይመጣል። ስለ ልጆቹ! የፈራሁት ደረሰ።

ምሳ ሳይቀርብ አዬዮ ጠሩኝ። ስለ ረቡዕ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ያልጠበቅኩትን ነገር አወሩ። የዩሱፍ አባት የሞተው ዩሱፍ ጥርስ ሳያወጣ ነው። አዬዮን የባላቸው ወንድም አገባቸው፤ ሮብሌ የሱ ልጅ ነው። ይህን ድሮም አውቅ ነበር፤ ከሳቸው አፍ ግን ሰምቼ አላውቅም።

"ጠይቀውዎት ነበር?" አልኳቸው።

"ማን ይጠይቀኛል! ዕቃዬን አነሱ፣ ተከተልኩ።"

"ደስ ብሎዎት ነበር?"

"ልጄ አጠገቤ ነበር" አሉ። "ሰውየውም ክፉ አልነበረም። ዩሱፍን ከሮብሌ ለይቶ አያውቅም። ዩሱፍ አባትነትን የተማረው ከሱ ነው።"

ምን ልበል? እኔን ያጠመደኝ ልማድ ዩሱፍን ያሳደገ ልማድ ነው። ሹሩባ የጎነጎነ እጅ ከዚያ ቤት ነው የወጣው። እንደ ልቤ እንዳልጠላው እንኳ አደረጉኝ። አዬዮ ሮብሌን አግቢ አላሉኝም። አታግቢም አላሉኝም። "ከስተሻል" ብቻ ነው ያሉኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ቀኑን ሙሉ ቤት ጠረግሁ፤ ደግሜ ጠረግሁት። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ሐራም የሆነው ጥያቄው ነው። መልሱ ሐራም ነው ያለኝ ሰው የለም።

እሁድ፣ የካቲት 9

ሐጂ፣ ያ ሽማግሌ፣ ሮብሌ። አዬዮ መጋረጃው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹን ጎረቤት ልኬያቸዋለሁ። ሐጂ ስለ ዝናብ ጀመሩ። ከብቱ ላይ ሳይደርሱ አቋረጥኳቸው። በዕድሜዬ ሽማግሌ አቋርጬ አላውቅም።

"ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን መልስ አለኝ።"

ድምፄ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር እንደሚሆነው ሆነልኝ።

"ሮብሌ እዚህ ቤት ነው ያደገው። ዩኒፎርሙን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ወንድሜ ነው፤ ልጄ ነው ብልም አልዋሸሁም። ዒዳዬ ሲያልቅም ያው ወንድሜ ነው። ልጆቼን ከአያታቸው አልነጥልም፤ እኔም ከልጆቼ አልነጠልም። ከተቆጣችሁ አሁን ተቆጡኝ።"

የሽማግሌው የመቁጠሪያ ድምፅ ቆመ። አለቀልኝ አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሮብሌ። በሹክሹክታ አይደለም። ቡድኑ ጎል እንዳገባለት ሰው ነው የጮኸው።

"አንተ!" አሉ ሐጂ።

"ታዲያ ምን ልበል? እኔ እምቢ ብል የወንድሙን ቤት ናቀ፣ ሚስቱን ናቀ ልትሉኝ አይደል? ከትምህርት ቀርቼ ኳስ ስጫወት ጆሮዬን ይዛ የመለሰችኝን ሴት እንዴት ነው የማገባት! እስክትናገር ስጠብቃት ነበር። አፍሬ ፊቷን ማየት አቃተኝ።"

"ወተቱስ?" አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ።

"ወተቱን እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አሉ አዬዮ። "አጥንትሽ ታየ።"

እኔ እሱን ስፈራ፣ እሱ እኔን ሲፈራ፣ ሁለታችንም አንዳችን አንዳችንን ላለማዋረድ አፋችንን ዘግተን ከረምን። ሽማግሌው ነው መጀመሪያ የሳቀው። ሐጂ አልሳቁም። "እሺ፣ የልጆቹስ ነገር?" አሉ።

አዬዮ ከምንጣፉ ተነሡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መነሣቱ ጊዜ ወሰደ።

"የልጆቹ ምን ነገር አለ? እናታቸው እዚህ ናት። እኔም እዚህ ነኝ። እኔን ያኔ ማንም አልጠየቀኝም፤ አፍም አልነበረኝም። እሷ ሳትጠየቅ መለሰች። እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ግቢ ልጅ ከእናቱ አይለይም።"

ሐጂ አጉረመረሙ። ዒዳው ሲያልቅ ደግመን እንነጋገራለን አሉ። ይነጋገሩ። አዬዮ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፣ ያን ጊዜ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ብርጭቆዎቹን ወደ ማጀት ወሰድኩ። የሮብሌ ጩኸት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እጄ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ፣ ለዩሱፍ ልነግረው ዞርኩ። እንዴት እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው፣ ከዚያ እንባው ይመጣል። "ዩሱፍ፣ ወንድምህ እኮ" ብዬ ጀመርኩ። ማጀቱ ውስጥ ማንም የለም።

እስከ ዛሬ በር ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ምን ማለቱ ነው። ለቅሶ ቤቱ በሰው ሲሞላ እንኳ አንድ ዓይኔ ልጆቼ ላይ ነበር። ባሌን ለማልቀስ ጊዜ አላገኘሁም። ለእኔ የሞተው ዛሬ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ልጅ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ። አዬዮ ሰምተው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዝም በይ አላሉኝም።