ፖስታው ላንካሻየር ይል ነበር

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህ ይህን እርጥብ አየር ቻለው ወይስ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይነጫነጭብሃል? እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ባለፈው እሁድ ያመጣህላትን የዝንጅብል ኬክ እስከ ረቡዕ ጨርሳ ቆርቆሮውን አጥባ አስቀምጣልሃለች። አንቱ እንዳልልህ የከለከልከኝ አንተው ነህ፤ አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ እንጂ ጳጳስ አልነበርኩም ብለህ። ዛሬ ግን አንቱታው ቢኖር ጥሩ ነበር፤ የምጽፈው ነገር እንዲህ ፊት ለፊት አያፋጥጠኝም ነበር።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ። ሰኞ ድንጋይ ጠራቢው መጥቶ በአያቴ መቃብር ላይ ስምህን ከልጆቿ ተርታ ሊቀርጽ ነው፤ ድንጋይ ላይ ከተጻፈ በኋላ ማረም የለም። ስለዚህ አሁኑኑ ልንገርህ። የእናቴ ወንድም አይደለህም። እዚያ የተቀበረችውም ሴት እናትህ አይደለችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

እንዴት እንደሆነ ስማኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት አያቴ ሞታ ጓዟን ስናነሳ ለእህቷ ጽፋ ያልላከችው ደብዳቤ አገኘሁ። በዚያ ክፉ በረዶ ክረምት፣ በ1947፣ ዴኒስ የሚባል ወንድ ልጅ እንደወለደች ትናገራለች። ራስጌው ላይ «ባንክ ሌን ቁጥር 6፣ ራምስክላፍ፣ ላንካሻየር» ይላል። እናቴን ስጠይቃት እጇን በፎጣ እያደረቀች፣ አዎ በጥር ተወልዶ ነበር፣ ለሰዎች ሰጠነው አለችኝ። ፎጣውን ሰቅላ ወጣች።

እኔ ደግሞ መች አስችሎኝ፤ የሰው ሁሉ ዘር ሐረግ የምፈልግ የአካባቢ ታሪክ ማኅበራችን ጸሐፊ፣ የላንካሻየርን መዝገብ ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት ባንክ ሌን ላይ ከኔሊ አክሮይድ የተወለደ ወንድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንተ። የአያቴም ስም ኔሊ አክሮይድ ነበር። በዚያ ሸለቆ አክሮይድ ያልሆነ ሰው ማግኘት ነው ጭንቁ፤ ይህን እያወቅኩ ዘነጋሁት። ያንተ ወረቀት የቤት ቁጥር 9 ይላል፤ ቁጥሩ ተቀይሮ ይሆናል አልኩ። የተወለድከው መጋቢት ነው፤ እናቴ በልጅነቷ ተምታቶባት ይሆናል አልኩ። ስሙም ዴኒስ አይልም፤ ሲመዘገብ ሌላ ስም ተሰጥቶት ይሆናል አልኩ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞልኝ ቢመጣ ስቄ እመልሰው ነበር። አንተም በማደጎ ማደግህን አውቀህ የወለዷቸውን በሚፈልጉ ሰዎች መዝገብ ተጽፈህ ስለነበር በሁለት ወር ውስጥ እናቴ በር ላይ ቆምክ።

ባለፈው ወር ለአንዲት ሴት የዘር ሐረጓን ስፈልግ የድሮ ካርታ ዘረጋሁ። ባንክ ሌን ሁለት ነው። አንዱ ታች ራምስክላፍ ከተማ ውስጥ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ላይ፣ አያቴ መንደር። ወንዙ የአውራጃ ወሰን ነበር፤ ወዲህ ላንካሻየር፣ ወዲያ ዮርክሻየር። የፖስታ ሠረገላ ግን በዮርክሻየር በኩል ያንን ዳገት ስለማይወጣው የመንደሩ ሰው ደብዳቤ የሚመጣለት ከራምስክላፍ ነው፤ አድራሻውንም ራምስክላፍ፣ ላንካሻየር ብሎ ይጽፋል። ልደቱንና ሞቱን ያስመዘግብ የነበረው ግን ዮርክሻየር ሄዶ ነው። በ1974 መንግሥት ወሰኑን ሲያሻሽል መንደሩን ወደ ላንካሻየር አዞረው፤ በአንድ ምክር ቤት ሥር ሁለት ባንክ ሌን አይሆንም ተብሎ የታችኛው ስም ተለወጠ። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። እናቴ ምክር ቤቱ የፈለገውን ይበል እኔ የዮርክሻየር ሴት ነኝ ስትል የሁለቱ አውራጃዎች የክሪኬት ጨዋታ እልህ ይመስለኝ ነበር። አንተም ለላንካሻየር ሰው ምነው ከዮርክሻየር እህት ተላከችለት እያልክ ስታበሽቃት ሦስታችንም እንስቅ ነበር።

ወዲያው ለዮርክሻየር መዝገብ ቤት ጻፍኩ። ዴኒስ እዚያ አለ፤ ልደቱም፣ ሞቱም። አንድ ወር እንኳ አልሞላውም።

ታዲያ ያንተዋ ኔሊስ? ስፈልጋት አንተ ሃያ ሁለት ዓመት በነዳህበት መስመር ላይ ባለ የአረጋውያን ቤት አገኘኋት። ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ልቧ ደህና አይደለም። ማክሰኞ ሄድኩ። ማኅበራችን የድሮ መንገዶችን ስም ከሽማግሌዎች ይሰበስባል፤ ለዚያ መጣሁ አልኳት። ባንክ ሌን ቁጥር 9 ነበርኩ፣ በዚያ በበረዶው ዓመት፣ በመጋቢት ወጣሁ አለችኝ። ልጆች አሉዎት ወይ ስላት፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ ያጠባሁት ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይቆጠራል አልኳት። ስምህን ያላንተ ፈቃድ አልነገርኳትም፤ ከንፈሬን ነክሼ ነው የወጣሁት።

ትናንት ካርታውን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳልዘረጋው አውቃለሁ አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ስላት፣ በሩን ከከፈትኩለት ቀን ጀምሮ አለች። ጮህኩባት አጎቴ፣ አፍራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም ትያለሽ አልኳት። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ፣ ኬክ ታቅፎ፣ እህቴ ብሎ የመጣን ሰው ተሳስተሃል ብዬ በመጣበት አውቶቡስ ልመልሰው ነበር ወይ አለችኝ። ዳሌዬ ሲሰበር ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ እየተኛ ያስታመመኝ ማነው፣ አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው። ዝም በይ፣ ስሙ ይቀረጽ፣ ማንን ይጎዳል አለች።

ስለ ዘጠኙ ቀን ስነግራት ግን ተቀመጠች። ዴኒስም በሕፃንነቱ መሞቱን አይቻለሁ አልኳት፤ ሌላ አልጨመርኩም። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ያን ሰሞን አያትሽ ፋብሪካ ነበር የምትውለው፣ ሕፃኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ በረዶው በሩን ዘግቶብን ነበር፣ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር አለች። እኔም አልጠየቅኋት።

ከዚያ ተነስታ ለድንጋይ ጠራቢው ደወለች። ሰኞ ና፣ ስሙ ግን ተለውጧል፣ ዴኒስ ብለህ ጻፍ አለችው። የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን ሲጠይቃት ሁለቱንም ሳትንተባተብ ነገረችው። ከዮርክሻየር የመጣልኝ ወረቀት ከቦርሳዬ አልወጣም ነበር።

የአረጋውያን ቤቱን አድራሻ ከዚህ ጋር በሌላ ወረቀት ጽፌልሃለሁ፤ ይህኛውን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ። መሄድ አለመሄድ ያንተ ነው፤ እኔ ብሆን ግን አላድርም። እናቴ፣ እሁድ ቢመጣም ባይመጣም ድንቹን ለሦስት ሰው እልጣለሁ፣ አራት የምንሆን ከሆነ ቀደም ብሎ ይደውል በይው ብላለች። ይህን ስትለኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

ብትቆጣኝ እቀበለዋለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ የምታንኳኳውም በር በደስታ ይከፈትልህ።

እስከዛሬ የእህትህ ልጅ ነበርኩ፤ ከዛሬ ወዲያ ምን ብዬ እንደምፈርም አንተ ንገረኝ።