የናዚፋ ዋስ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
ከቡሬ በታች፣ አርበኞች ካሉበት ቆላ

የዘሩ አባት፣ የቤቴ ምሰሶ፣ ጌታዬ ላቀው ሆይ፤

የሱዳን በረሃ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከነከብታችን፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ አለን። ጤፉ ዘንድሮ ሸጋ ነው። የፊተኞቹ ደብዳቤዎቼ ደርሰውዎት እንደሆነ እንጃ፤ ነጋዴዎቹ «አላገኘናቸውም» እያሉ ይመለሳሉ። አገሩ ሰፊ ነው እላለሁ።

የዚህ ደብዳቤ እጁ የመሪጌታ ገብረሰንበት ነው፤ ቃሉ የኔ ነው። ለዘብ እናድርገው ቢሉኝ እንቢ ብያለሁ። በልጅዎ ላይ ቆሜ አስፈርጄበታለሁ። ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ሲሰደዱ ውጅግራ ጠመንጃዎን ለዘሩ ትተውለት አልነበር? አርበኞቹም ጎበዝ ነው ብለው የገበያ ዘበኞች አለቃ አደረጉት። ደስ ብሎኝ ጠላ ጠምቄ ጎረቤት ጠራሁ። ኋላ ግን አለንጋ ያዘ። አንዱን በመልሱ፣ አንዱን ባተያዩ እየገረፈ፣ ሰው እሱን ሲያይ መንገድ ይለቅ ጀመር። እኔ ስደርስ ሁሉም ዝም ነው፤ እናቱ ነኛ!

ባለፈው ቅዳሜ የበርበሬ ነጋዴውን መሐመድአወልን፣ ቡሬ ምሽግ ላለው ጣሊያን ሸጠሃል ብሎ ያዘው። ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ ቆሞ ሳለ በሰደፍ ክንዱን ሰበረው። ሚስቱ ናዚፋ «በሕግ አምላክ» አለች። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል፤ የኔ ልጅ ግን የወደቀውን ሰው ደገመው። ቆሜ አየሁ። አፈርሁ፣ ጌታዬ።

ናዚፋ ግን ጉድ ሴት ናት። የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ቋጥራ፣ እየጎተተች ሾላው ሥር ከቀኛዝማች ዓለምብርሃን ችሎት አቆመችው። እንዲያ የተቋጠረ ሰው ራሱን መፍታት ነውር ነው፤ የሚፈታው ዳኛ ነው። ዘሩ ሊስቅ ቃጥቶት ነበር፤ የሚስቅለት ሲያጣ ተወው።

ቀኛዝማች ዋስ ጥሪ አሏት። ከሳሽ ዋስ ካጣች ክሷ ይወድቃል። ያ ሁሉ ገበያተኛ መሬት መሬቱን አየ፤ ባለጠመንጃን ማን ይጋፋል? ናዚፋ ዙሪያዋን ቃኝታ ስታበቃ፣

«ጣሊያን ቢገርፈን ዱር ገባን፤ እናንተ ብትገርፉን ወዴት እንግባ?» አለች።

ይኼን ጊዜ እግሬ ራሱ ይዞኝ ሄደ። ባለርስት ነኝ፣ ዋሷ እኔ ነኝ አልሁ። ቀኛዝማች ደንግጠው «ልጅዎ መሆኑን ረሱት ወይ?» አሉኝ።

«አምጬ የወለድሁትን አልረሳም» አልሁ። «ለሱ ብዬ ግን ፍርድ አልቀብርም።»

አንድ ሰው ከቆመ ምስክር አይጠፋም። አንዱ ሲናገር ሌላው ተከተለ፤ ለምሽጉ ሸጠ የተባለውም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ዘሩ ተረታ። ጠመንጃውን ተገፎ ከሹመቱ ተሻረ፤ የመሐመድአወል ክንድ እስኪጠገን በቅሎዎቹን እየጫነ እንዲያገለግል ተፈረደበት። ገበያው ፈርቶ ጭጭ እንዳለ እኔ እልል አልሁ። ሴቱ ሁሉ ተቀበለኝ፤ ሾላው ሥር ያለው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

ቤት ስንገባ ዘሩ ቀና ብሎ አላየኝም። «እማየ፣ ስሾም ጠላ ጠመቅሽ፤ ስሻር ደግሞ እልል ትያለሽ?» አለኝ።

«የያኔው ለጠመንጃው ነበር። የዛሬው ላንተ ነው» አልሁት።

እንጀራው ላይ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ፤ ግን በደስታ ነው። በማግስቱ ማንም ሳይቀሰቅሰው በቅሎ ሊጭን ሄደ። የቀሩት ዘበኞችም ዛሬ ገበያ የወጡት አለንጋቸውን ቤታቸው ትተው ነው።

ቀኛዝማች ውጅግራዎን «ለባለቤቱ ይጠብቁ» ብለው ለኔ ሰጥተውኛል። ለዘሩ መልሼ የምሰጠው እኔ አይደለሁም። እርስዎ መጥተው፣ ሰው መሆኑን በዓይንዎ አይተው፣ በእጅዎ ይስጡት። ይመጡ የለ?

ያገራችን ታቦት በበረሃው ጥላ ይሁንዎት፤ ካሉበት ያግባልኝ።

የዘሩ እናት፣
እናኑ