ገበያው በሙሉ ያወገዘው ሳቅ

ለተከበሩ ጓድ ሰይፈሥላሴ፣ በሆሳዕና የሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ጠጋኞች ማኅበር ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ከሩቅ የሚሰማ ይሁን። እኔ ሳቄ ከመታገዱ በቀር ደህና ነኝ።

ያልሰማ ሕዝብ እንዳይኖር ከባዱን ዜና በይፋ አስታውቃለሁ፦ በጥገና ክፍላችን በሥራ ሰዓት ተስቋል። የሳቅኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ካቻቢቴዬን ተቀምቼ፣ ሌላ ሰው እንዳይስቅ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስለ ሹመቱ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ቢመልሱኝ ብዬ ነገሬን በቁጥር አቀርባለሁ፣ ቁጥር ይወዳሉና።

1ኛ፦ በሥራ ላይ ሀዲይኛ መናገር ሹክሹክታ ነው ብለው ስለከለከሉን እግዜር ይስጥልን። አጎቴ ባፈና ከጃጁራ ሬዲዮውን ተሸክሞ መጥቶ የእናቴን ጤና በሀዲይኛ ቢጠይቀኝ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ እርስዎ የመደቡልንን አስተርጓሚ ጓድ ሳህሉን ጠበቅኩ። እሱ ወደ አማርኛ መለሰልኝ፤ እኔም «ደህና ናት» ብዬ በእሱ በኩል ላክሁለት። ያሳደገኝ አጎቴም ትክ ብሎ አይቶኝ፣ «የዚህ ልጅ ምላስም ለጥገና ገብቶ ነው?» ብሎ አስጠየቀ። ጓድ ሳህሉ ፊቱን ኮስተር አድርጎ አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመው። ያኔ ነው የሳቅኩት።

2ኛ፦ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማብሪያ ማጥፊያ የነካ አሻጥረኛ ነው ብለውናል። ለገበያው የጠገንነው ድምፅ ማጉያ ለሙከራ ጣራው ላይ ተሰቅሎ በርቶ ነበር። እርስዎም በገበያው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እኔን ለማስወገዝ ቢሮዎ ውስጥ የሂስ ስብሰባ ጠሩ። ማን ደፍሮ ያጥፋው? ማይክሮፎኑ ፊት ለፊትዎ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። ታዛዥ ነኝና እጄን ኪሴ ከተትኩ።

3ኛ፦ «በሥራ ሰዓት የሳቀው ብዙነህ ይወገዝ የምትሉ፣ ግራ እጅ!» ሲሉ ገበያው ሁሉ ሰማ። ስብሰባ የለመደ ሕዝብ ደግሞ ጉዳዩ ምንድነው ብሎ አይጠይቅም፤ ቅቤ ሻጩም ቆጮ ገዢውም ግራ እጁን ሰቀለ። እናቴ ጣቢታም ሰቀለች። በግራ እጇ አውራ ዶሮ ይዛ ነበር። የተወገዘው የራሷ ልጅ መሆኑ ሲገባት እጇን ልታወርድ ብትል፣ አጠገቧ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ «እትዬ ጣቢታ፣ ቆይ እንጂ፣ ገና አልተቆጠረም!» አለቻት። ዶሮው ግን ድምፅ መስጠት ስላልፈለገ እየተንጫጫ አመለጠ።

በዚህ ዓይነት በወለደችኝ እናት ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተወገዝኩ። እንዲህ ያለ ክብር ለማን ደርሶ ያውቃል?

ደግነቱ ዶሮው ሲመሽ በራሱ እግር ቤቱ ገባ፤ የአጎቴም ሬዲዮ ይዘፍናል። እውነቱን ለመናገር ጓድ ሊቀመንበር፣ ነገሩ ሁሉ ከአንድ ማስነጠስ የማይረዝም ሳቅ ነበር።

ሳቅን ከደጅዎ እያባረርኩ፣ ጥርሴን ገጥሜ የምሰናበትዎ፣
ብዙነህ፣ በር ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ድምፅ ማጉያውንም ጠረጴዛዎ ላይ የቀረውን ማይክሮፎንም እስካሁን አላጠፋንም፤ ፈቃድዎን እየጠበቅን ነው። ትናንት ቢሮዎ ውስጥ ብቻዎን ሆነው «ምላሱም ለጥገና!» እያሉ ሲንከተከቱ ገበያው ሰምቷል። በር ላይ እስካለሁ ድረስ በሥራ ሰዓት የሳቀን ሰው ማጋለጥ ግዴታዬ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ብሆን ግን አይመለከተኝም።