ሳትጠየቅ ያጣራናት ልጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም ዶልፊን ሚኒባሱ ሆጤ ላይ ካልሞላሁ አልነቃነቅም ብሎ አስረፈደኝ። ደሴ ጉም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ፀሐይ። ሹራቤን አውልቄ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ገባሁ። አቶ ግ. (የሰው ኃይል ኃላፊያችን፣ ቸኩሎ የተወለደ ሰው) ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ጉዳዩ የንብረት ክፍል ቅጥር ነው። ፈተናውን አንደኛ የወጣችው የሐርቡ ልጅ ናት። የተቀጣሪ ስም እዚህ እንደማልጽፍ ታውቃለህ፣ ደብተሬ፣ ስለዚህ ልጅቷ እንበላት። ካቻምና የነበረው ሠራተኛ ከመጋዘን ክር ሰርቆ ከጠፋ ወዲህ አቶ ግ. ሰው ማመን አቁሟል። የቀበሌ ደብዳቤ አለ፣ ዋስ አለ፣ አሻራ አለ። አይበቃውም። ሰፈሯ ድረስ ሂጂ አለኝ። ከፋብሪካ ነን እንዳትሉ፣ ሰው እውነቱን የሚያወራው ለማን እንደሚያወራ ሳያውቅ ነው አለ።

ነገ ከሾፌሩ ከጋሽ ሙሔ ጋር እንሄዳለን። ደስ ብሎኛል፣ ምን ልዋሽህ። ከቢሮ መውጣት የሚጠላ ማን አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13፣ ከሰዓት

ተበላሽቷል። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሐርቡ፣ ሙቀቱ ለጉድ። መኪናዋን ከሰፈሩ ራቅ አድርገን አቆምን። ጋሽ ሙሔ ነጭ ኮፍያውን አድርጓል፣ እኔ ሻሽ አስሬ ነጠላ ደርቤያለሁ። የልጅቷ ጎረቤት እትዬ ፋጡማ ደጃቸው ላይ በርበሬ ያሰጣሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ በርጩማ ወጣልን። የልጅቷ ጠባይ እንዴት ነው? ቤተሰቧስ? ታማኝ ናት? እኔ ነኝ ጠያቂዋ። ለምን እንደምጠይቅ ግን ዋጥ አደረግኩት።

ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። አመሰገኗት፣ መረቋት። ጋሽ ሙሔ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ግን ጠጋ አሉኝ። አማና ነው፣ አደራ አለብኝ፣ ደብቄሽ ኋላ አላህ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ ብለው አንድ ነገር ነገሩኝ። የጤና ነገር። በየጊዜው ደሴ ድረስ ሄዳ መድኃኒት ትወስዳለች። እዚህ አቅራቢያ የማትወስደው ሰው እንዳያያት ነው።

የበሽታውን ስም ላንተም አልነግርህም።

ስንመለስ ጋሽ ሙሔ መሪውን ይዞ ይስቃል። "አልገባሽም እንዴ? ለልጃችን ሚስት የምናጠያይቅ ባልና ሚስት አድርገውን እኮ ነው!" እኔም ሳቅኩ። እኔ ጴንጤዋና ሙስሊሙ ጋሽ ሙሔ ባልና ሚስት! ባለቤቴ ይስማ። ከዚያ ሳቄ ደረቀ። ወሎ ተወልጄ እንዴት አልገባኝም? የማይታወቁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች መጥተው የአንዲትን ልጅ ጠባይና ዘመድ ከጠየቁ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ለጋብቻ ለመጣ ሰው ደግሞ ጉድለት መደበቅ ነውር ነው። ሴትዮዋ የሚገባቸውን አደረጉ። ጥፋቱ የኛ ነው።

ጋሽ ሙሔ ምን አሉሽ ሲለኝ ምንም አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ያመኛል።

አቶ ግ. ምን ተገኘ አለ። ታማኝ ናት፣ ዋሷም ደህና ሰው ነው አልኩት። ሌላስ? ሌላ የለም። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ውሸት አልችልበትም፣ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ይግላል። የሰፈሯን የአንድ ለአምስት ጠርናፊ አውቀዋለሁ፣ እኔው እደውላለሁ አለ። አንዴ ስልክ ከተደወለ ሐርቡ የሚያንሾካሹከው ነገር ነገ እዚህ ካፌ ውስጥ ይወራል። ዓርብ በጽሑፍ አቀርባለሁ፣ እስከዚያ ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። እሺ አለ፣ እያጉረመረመ።

ቤት ስንከራይ ትዝ አለኝ። ዕቃችን ከመኪና ሳይወርድ ጴንጤ ናቸው የሚለው ወሬ ግቢውን አዳርሶት ነበር። ሰው ገና ስማችንን አያውቅም፣ እሷን አንዲት ቃል ግን ያውቃል። ምንም ክፉ አልተናገሩንም። ብቻ ከዚያ በኋላ ለወራት ሁሉ ነገራችን በዚያች ቃል ሲተረጎም ከረመ። የልጅቷ ቃል ደግሞ ከኔዋ ትከብዳለች።

ዝም ብዬ ልርሳው? የሰሙትን መርሳት እንዴት ነው የሚቻለው? ጸለይኩ። መልስ የለም። ወይም መልሱን አልወደድኩትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ራሷ።

እትዬ ፋጡማ ሚስት የሚያጠያይቁ ሰዎች መጡ ብለው ነግረዋቸው፣ እናቷ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ብለው ዘመድ አዝማድ ለመጥራት ምንም አልቀራቸውም። ስለ ሕመሟ ለኔ መንገራቸውንም አልደበቋቸውም። ልጅቷ ግን ማክሰኞ ከገበያ ስትመለስ መኪናችንን ቆማ አይታለች። የፋብሪካው ስም በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። እኛ እኮ ሰላዮች ነን!

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጽፈሽዋል ወይ ብቻ አለችኝ። አልጻፍኩትም፣ አልጽፈውምም አልኳት። ይቅርታም ጠየቅኳት። ይቅርታዬን ትቀበለው አትቀበለው፣ ፊቷ አይናገርም። ሦስት ዓመት ሱቅ ስትሠራ አንድ ቀን በሕመም አለመቅረቷን ነገረችኝ። ሥራውን ካጣች ወደ ዐረብ አገር መሄዷ ነው። እዚያ ደግሞ የጤና ምርመራ አለ፣ አያሳልፏትም። ስለዚህ መሄጃም የላትም።

እኔው ራሴ ለኃላፊው ልንገረው ይሆን አለች። ያንቺ ነው፣ ከፈለግሽ ትናገሪዋለሽ፣ ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም አልኳት። አልተናገረችም። የቀድሞ አሠሪዋን ስልክ ሰጠችኝ፣ ደውይለት፣ ከፋብሪካ ነኝ በይው ብላ።

ከመጀመሪያው እንዲህ ብናደርገው ምን ነበረበት!

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

አቀረብኩ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። የአሠሪዋ ምስክርነት (ቁልፉን ጥዬላት እሄድ ነበር ብሏል)፣ ዋስ፣ አሻራ፣ የቀበሌ ደብዳቤ። ለቅጥሩ የመረመራት ሐኪም ለሥራው ብቁ ናት ብሏል። በቃ።

አቶ ግ. አገላበጠው። የሰፈሩስ የታለ? አልጻፍኩትም አልኩ። ለጋብቻ መስሏቸው የነገሩኝን ለቅጥር አላውለውም። እንግዲያው የሆነ ነገር አለ ማለት ነው አለ። የሌለበት ማን አለ አልኩት። ሰው ሁሉ ጓዳ አለው፣ አንተም እኔም። የጓዳዋን ብታውቅ መጋዘኑን ይቆጥርልሃል?

ክር ቢጠፋ አንቺን ነው የምይዘው አለኝ። ያዘኝ አልኩ። አፌ ደፈረ እንጂ ሁለት ልጅ የማሳድገው በዚህ ደሞዝ ነው። ስልኩን አነሳ። ለጠርናፊው ሊደውል ነው፣ አለቀ አልኩ በሆዴ። ሻይ አዘዘ። ሻዩ እስኪመጣ ቅጥሩን ፈረመ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ድንጋጤ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ሐርቡ ሄድኩ፣ በራሴ ጊዜ፣ በሚኒባስ። ያበላሸሁትን ቢያንስ በግልጽ ልናገር ብዬ። እትዬ ፋጡማን ከፋብሪካ ነኝ፣ የመጣነውም ለሥራ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ወላሂ ለትዳር ብዬ ነው እንጂ! ለሥራማ እኔ ምን አግብቶኝ እናገራለሁ?"

አለቀሱ፣ እኔም አላስቻለኝም። የልጅቷ እናት ዘንድ ስሄድ ደግሞ ባሰ። እኚህ ሴት፣ ልጅቷ እውነቱን ስላልነገረቻቸው፣ አራት ቀን ሙሉ ሽማግሌ ሲጠብቁ ሰንብተዋል። አልሰደቡኝም። ኸይር ነው፣ ሥራውም ከአላህ ነው አሉኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ተመልሰው አልወጡም።

ልጅቷ መሳፈሪያው ድረስ ሸኘችኝ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። መንገዱን ሁሉ ቦርሳሽን ልያዝልሽ፣ ደከመሽ ወይ፣ ፀሐዩ አይጎዳሽም ወይ ስላት ነበር ለካ። ሚኒባሱ ሲመጣ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

"እቴቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ፋብሪካ ውስጥ እንደዚህ አትሁኚልኝ። ሰው ያየዋል።"

ያልጻፍኩት ነገር ፊቴ ላይ ተጽፎ ኖሯል።

ሁለት ነገር ወስኛለሁ። ለአቶ ግ.፦ ከእንግዲህ ሰው ሳያውቅ ሰፈሩን ሄጄ አልጠይቅም፣ ከፈለገ እሱ ሻሽ አስሮ ይሂድ። ለእሷ፦ ሰኞ በር ላይ ሳገኛት እንደ ማንም ሠራተኛ እንደምን አደርሽ እላታለሁ። ካረፈደች እቆጣታለሁ።