ጽጌረዳሽን ማን ቀጠፈው?

ልጄ፣ እግርሽ በረገጠበት ሁሉ ይቅናሽ፤ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ግን ጉድ አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ብወጣ፣ የተከልሽው ጽጌረዳ አንድ አበባ አልቀረውም! ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን «አንቺ ነሽ» ብዬ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኳት። ዛሬ ከአባትሽ የብየዳ ክፍል ደስ የሚል ሽታ መጣ። በሩን ብከፍት ክው አልኩ! ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰውዬ በወተት ማፍያዬ ሰም ያቀልጣል፤ የደረቀ የአበባ ቅጠል በወረንጦ እያነሳ በሻይ ብርጭቆዎቼ ዳር ዳር ይደረድራል። የመጀመሪያውን ሻማ ሲሞክር ቅጠሉን ከክሩ አስጠግቶት ኖሮ፣ ቦግ ብሎ ግማሽ ጢሙን በልቶታል!

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

ቀና ሳይል «እዚያ ያለው አበባ ሽታ የለውም ብላ የለም?» አለኝ።

ልጄ፣ ያንን የጻፍሽው ለእኔ ነበር። እሱ ከሄድሽ ጀምሮ ተቀይሞ ስምሽን አንስቶ አያውቅም፤ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ለካ ይሰማ ኖሯል!

ሦስት ሻማ በጋዜጣ ጠቅልሎ «ላኪላት» ብሎኛል። መጋረጃ አጠገብ እንዳትለኩሺው፣ ትተሽውም እንዳትወጪ። ልብስ ሰፊዋን ይቅርታ መጠየቁ የእኔ ዕዳ ነው።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ደህና ሰው ያገናኝሽ። ብቻ አንድ ቀን ለአባትሽ ደውይለት። ሬዲዮውን እኔ እዘጋዋለሁ።

እናትሽ