ቀንድ አውጣ ስትሞት የት ነበርኩ?

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲኒማ ቤት። ለጋዜጠኞች ብቻ። «ፌንጣው ሁለት፦ የመጨረሻው ዝላይ»። በዚህ ሰዓት ጀግና ማየት የሚፈልግ ማን ነው? ጀግናው ራሱ ፊቱን የታጠበ አይመስልም።

ፌንጣው... ልጆች ሆነን በየቅዳሜው የምናየው ካርቱን። አረንጓዴ ጠባብ ሱሪ ለብሶ ከጣራ ጣራ ይዘላል። ረዳቱ ቀንድ አውጣ ናት። እሱ ይዘላል፤ እሷ የመሣሪያውን ጓዝ ሁሉ ዛጎሏ ላይ ጭና ትከተላለች። ሁልጊዜ ዘግይታ ትደርሳለች። ግን ትደርሳለች። እቤት ስንጫወት ፌንጣው ወንድሜ ነበር፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛላ። እሱ ከሶፋ ላይ ይዘላል፤ እኔ የቤቱን ትራስ ሁሉ በጀርባዬ ተሸክሜ እድሃለሁ። እስከ ዛሬ ወገቤን ሲያመኝ የማማው እሱን ነው።

አሁን ካርቱኑን በእውነተኛ ተዋንያን ፊልም አድርገውታል። የመጀመሪያውን ከሦስት ዓመት በፊት በጋዜጣችን የፊልም ገጽ ላይ ቦጫጭቄዋለሁ። ዛሬ ሁለተኛውን ልቦጫጭቅ ሄድኩ።

ሲኒማ ቤቱ ወንበር ቀይሯል። ቁልፍ ስትጫኑት ወደ ኋላ ይተኛል። ተጫንኩት። ጠዋት ለጉንፋኔ ሁለት ክኒን ውጫለሁ... መጀመሪያ አንድ ሕንፃ ፈረሰ። ከዚያ ሌላ ሕንፃ ፈረሰ። ከዚያ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ዓይኔን ስገልጥ ፊልሙ ማለቂያው ላይ ነው። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ፌንጣው ዛጎሉን ተሸክሞ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ስም ዝርዝር መጣ። ከኋላዬ ያሉት ሁለት ጋዜጠኞች አፍንጫቸውን ይስባሉ። ጉንፋኑ ከተማውን ሁሉ ነው የያዘው ማለት ነው።

ስንት ደቂቃ ተኛሁ? አሥር ቢሆን ነው። በአሥር ደቂቃ ምን ይፈጠራል? ሦስተኛ ሕንፃ ይፈርሳል።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

በአንድ ሰዓት ጻፍኩት። አለቃዬ ያቺን ቀይ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳቀ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያችን እስክሪብቶ ከእጁ ሲያስቀምጥ ያየሁት ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

የወደዳት ይህችን ነው፦ «ምስኪን ቀንድ አውጣ! ታሪኩ ቢሰለቻት ዛጎሏ ውስጥ ገብታ እስከ መጨረሻው ብቅ አላለችም። ፌንጣው ተሸክሟት ሲዞር ባለቤቱ የጠፋበትን ሻንጣ የያዘ ሰው ይመስላል። ከሁሉም ብልህ እሷ ናት፤ ፊልሙን ተኝታ አሳለፈችው።»

እኔም ወደድኳት። ምን ላድርግ...

የካቲት 6፣ ዓርብ

ጋዜጣው ወጣ። ፊልሙም ለሕዝብ ተከፈተ። ጉንፋኑ አልለቀቀኝም።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ደወለ። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልክ አይነካም። ዛሬ ግን ሥራውን ትቶ የጠዋቱን ማሳያ ገብቶ ነበር።

«አንቺ ሰው ነሽ?»

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ቀንድ አውጣ ሞታለች እኮ!»

«ምን?»

«እንዴት ምን ትያለሽ? ባዶ ዛጎሏን ነው እኮ የተሸከመው! ሻንጣ ነው የምትዪው? ሰው ሁሉ እየተንሰቀሰቀ... አጠገቤ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰውዬ መሐረቤን ወስዶ አልመለሰልኝም! አንቺ በሬሳ ትቀልጃለሽ?»

ዘጋው።

ክው ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ አፍንጫ መሳብ... ጉንፋን አልነበረም።

የካቲት 8፣ እሑድ

ስልኬ ስድብ ሲቀበል ዋለ። «ልብ የላትም፤ በልቧ ቦታ ፈንዲሻ ነው ያለው» ብሏል አንዱ። መጥፎ አይደለም። እኔ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ምርጫ አለኝ። ወይ ጨካኝ ነኝ፣ ወይ ተኝቼ ነበር። ጨካኝ ሃያሲ ትፈራለች፣ ትከበራለች። የተኛች ሃያሲስ? ከመኪናው ወርዶ መኪናው ብቻውን የሚሄድበት ሹፌር ማለት ናት።

ለወንድሜ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

አለቃዬ ደጅ ላይ ጠበቀኝ። ጋዜጣው አልቆ እንደገና ታትሟል። «ድፍረት ይሉሻል ይሄ ነው! ሀገር በሚያለቅስበት ሞት ላይ መሳቅ! አስበሽበት ነው አይደል?»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «እንዴታ» አልኩ።

አልበቃኝም። «ሞት እንዲህ ሲሸቀጥ መሳቅም ሐሳብ ነው» ብዬ ጨመርኩለት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ደብተሩ ላይ ጻፈው! ረቡዕ ሬዲዮ ላይ ቀርበሽ ይህንኑ ትደግሚዋለሽ አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ የወንድሜ መልእክት መጣ። አንድ ብቻ። «ድመታችን ስትሞት ጓሮ አብረን ቀብረናታል። ጉድጓዱን የቆፈርሽው አንቺ ነሽ። ያኔ እንዲህ አልነበርሽም።»

ምሳዬን አልጨረስኩም። ስለ ፊልም ሃያ ሺህ ሰው ቢሰድበኝ ግድ የለኝም። ይሄ ግን...

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ከሬዲዮው በፊት ፊልሙን ላየው ሄድኩ። ብልሃት ማለት ይሄ ነው! ማንም ሳያውቅ አየዋለሁ፣ ነገ እንደ አዋቂ እናገራለሁ።

የትኬት መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ጋዜጣው ላይ ያለው ፎቶዬ ከእኔ ያምራል፤ ለካ ያን ያህል አይርቅም።

«ትኬት የለም» አለችኝ።

«አልቆ ነው?»

«አላለቀም። ለእርስዎ ነው የሌለው።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጉድ እኮ ነው... ጭብጨባው እስከ መንገዱ ማዶ ሸኘኝ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ሬዲዮ ጣቢያ። ግድግዳው ሁሉ በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል። አዘጋጁ ጥርሱ የማይከደን ወጣት ነው፤ ፊልሙን አራት ጊዜ አይቶታል። ቀጥታ ሥርጭት።

መጀመሪያ ደህና ሄድኩ። «ሞት ሲሸቀጥ» የምትለዋን አልኳት። ስለ ሕንፃዎቹ ቀለድኩ። አዘጋጁ ሳቀ። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«እሺ፣ ቀንድ አውጣ ልትሞት ስትል ለፌንጣው የተናገረችውንስ እንዴት አየሽው?»

ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «ንግግሩ... ትንሽ ረዘመብኝ።»

በመስታወቱ ማዶ ያለችው የድምፅ ባለሙያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንድ ቃል ነው እኮ» አለኝ።

«አዎ... ለአንድ ቃል ነው የረዘመው።»

«የትኛው ቃል?»

ወንድሜ ሥራ ላይ ሬዲዮ አያጠፋም። የሰው መታጠቢያ ሥር ተጋድሞ፣ ትንሿን ሬዲዮ ሆዱ ላይ አድርጎ ነው የሚሠራው። እንዲያ ሆኖ ታየኝ። አሁን ይሰማኛል። ሌላ ውሸት ልፈልግ አፌን ከፈትኩ፤ የመጣው ግን...

«ተኝቼ ነበር።»

«በምሳሌያዊ አነጋገር?»

«አይደለም። በወንበር ላይ።»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ክኒኑን፣ ወንበሩን፣ አለቃዬን ያታለልኩትን። አዘጋጁ ሳቁ አልቆም ሲለው ሙዚቃ ለቀቁ።

ከጣቢያው ስወጣ እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ ሰማሁሽ። ድምፅሽ ሲያምር! ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» ስለ ሌላው ትንፍሽ አላለችም። እናት...

የካቲት 12፣ ሐሙስ

አለቃዬ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሐሳቤን የጻፈባትን ገጽ ቀስ ብሎ ከደብተሩ ቀደዳት።

«የፊልም ገጹን ለስፖርት ጋዜጠኛው ሰጥቼዋለሁ። አንቺ ኮከብ ቆጠራውን ትይዢያለሽ።»

«ኮከብ ቆጠራ?»

«እዚያ ብትተኚም ማንም አያውቅብሽም።»

ይቅርታውን ጻፍኩ። አራት መስመር ቀኑን ሙሉ ፈጀ። «ፌንጣው ሁለትን ሙሉውን ሳላይ ተቸሁ። ቀንድ አውጣ ስትሞት ተኝቼ ነበር። ስጠየቅም ዋሸሁ። አንባቢዎቼን፣ ፊልሙን የሠሩትንና ቀንድ አውጣን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» አለቃዬ ቀይ እስክሪብቶውን «ቀንድ አውጣን» የምትለዋ ላይ አሳረፈ፣ አሰበ፣ ተዋት።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ። የመሣሪያ ሳጥኑን እንደያዘ።

«ተኝተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«የምርሽን? ጭልጥ ብለሽ?»

«አፌን ከፍቼ።»

ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ተመስገን! እኔ እኮ ክፉ ሆነሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰነፍ ብቻ ነሽ!»

በስንፍናዬ እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሳልጠይቀው መፍታት ጀመረ። ጀርባውን እንደሰጠኝ ነው የተናገረው። «ስትሞት እኮ... አንቺን ነው ያየሁት። ያን ሁሉ ትራስ ተሸክመሽ፣ ቆይ ጠብቀኝ ስትዪኝ። ጠብቄሽ አላውቅም። ከዚያ እቤት ገብቼ ጋዜጣውን ሳነብ አንቺ ትስቂያለሽ።»

እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ «እኔ እንኳ ከእሷ ቀጠን እላለሁ» አልኩት።

«ትንሽ» አለ።

ቃሉ ምንድን ነው ብዬ ለመንኩት። አልነግርሽም፣ ገብተሽ ስሚው አለኝ። ትኬቱን ራሱ ሊገዛ ነው። የእኔን ፊት መስኮቱ ጋ አናቀርበውም።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

አየሁት። ተቀምጬ፣ ወንበሩን ሳልነካ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ልክ እንደጻፍኩት ነው። ቆሻሻ! ከአንድም ቃል ወደ ኋላ አልልም። ከዚያ ፀጥ አለ። ሙዚቃው ጠፋ። ሰው የሚሻገርበት የገመድ ድልድይ ሊበጠስ ነው፤ ቀንድ አውጣ እንደ ልማዷ ዘግይታ ደረሰች። ገመዱን በዛጎሏ ጠቅልላ ያዘችው። ከያዘች ሰዉ ይሻገራል፣ እሷ ግን አትተርፍም። ፌንጣው መሄድ አቃተው። ያን ሁሉ ጣራ የዘለለ ሰውዬ እግሩ ተሳሰረ። ያያታል። ታየዋለች። ረጅም ጊዜ... ከዚያ፦

«ዝለል።»

በቃ። ይህችው ናት።

እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ወንድሜ ፊቱን ሳያዞር መሐረብ ዘረጋልኝ። «እንዳትወስጂው። አንዱ ሄዷል።»

ሰዓቴን አይቼ ቆጥሬዋለሁ። የተኛሁት አሥር ደቂቃ አልነበረም፤ አርባ ሰባት ነው። ከአርባ ሰባቱ በኋላ ገደሉና ፀሐይዋ ቀርተው ነበር፤ እነሱም እንደገና ቆሻሻ። ከሁለት ሰዓት ከሩብ ፊልም ውስጥ ደህናዎቹን ደቂቃዎች አንድ በአንድ መርጬ ነው የተኛሁት! እንዲህ ያለ ምርጫ ነቅቼ አድርጌ አላውቅም።

የካቲት 20፣ ዓርብ

የስፖርት ጋዜጠኛው የመጀመሪያ ሂስ ወጣ። ስለ አንድ የፍቅር ፊልም። «ባልየው በመጀመሪያው አጋማሽ ኳሱን ይዞ ቢቆይም ግብ ማስቆጠር አልቻለም። ሚስትየዋ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፋለች።» አንባቢ ወዶታል። እኔም ደብቄ ሳቅሁ። ቅናቱ ግን አልቀረም።

የእኔም ኮከብ ቆጠራ ወጣ። «ሚዛን፦ በዚህ ሳምንት ያላየኸውን አየሁ አትበል።» አንዲት ሴትዮ ደውላ ባሌ ሚዛን ነው፣ ልክ እሱን ነው አለች።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

አለቃዬ ትላንት፣ ከሁለት ወር በኋላ ገጹን ልመልስልሽ እችላለሁ አለ። ላስብበት አልኩት። እውነትም እያሰብኩበት ነው። እኔም ራሴን ታዘብኩት።

ከሰዓት ወንድሜ ሲኒማ ወሰደኝ። ስለ አንድ የሚናገር ፈረስ የሆነ ፊልም። የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያለ ማስታወሻ ደብተር ፊልም ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ የሚሠራው ጠፋው... ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት፤ አነሳሁት፤ ደግሞ አስቀመጥኩት። ወንድሜ አይቶ ፈንዲሻውን ሰጠኝ። «ያዢ፣ እጅሽን ፍቺው» አለኝ።

ፈረሱ ማውራት ጀመረ። ከባለቤቱ ጋር ተጣላ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እንዴት ነው? ጥሩ ነው?»

የድሮዋ ብሆን እዚያው የሂሴን ርዕስ ጨርሼ እነግረው ነበር።

«እስኪያልቅ ቆይ፣ ጋሼ» አልኩት።